ሽጉጥ የያዘው ጎረምሳና ያበደው ሽማግሌ፦ ታትሱያ ናካዳይ ማን ነበር?

ጥያቄው፦ «የድሮ የጃፓን ፊልሞችን ማየት የጀመርኩት በቅርቡ ነው። መጀመሪያ «ዮጂምቦ»ን አየሁ። እዚያ ውስጥ ሽጉጥ ይዞ የሚዞር፣ ፈገግታው የሚያስፈራ ጎረምሳ አለ። ቀጥዬ «ራን»ን አየሁ። አብዶ ሜዳ ለሜዳ የሚንከራተተው ሽማግሌ ያው ሰውዬ ነው ሲሉኝ ማመን አቃተኝ። ማን ነው ይሄ ሰው? ለምንስ ሁሉም ስለ ሚፉኔ ብቻ ያወራል? ከእሱ ፊልሞች ቀጥሎ የቱን ልይ?»

መልስ፦

አዎ ወንድሜ፣ ያው ሰውዬ ነው። ስሙ ታትሱያ ናካዳይ ይባላል። «ዮጂምቦ» በ1961 ወጣ፣ «ራን» በ1985። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በመጀመሪያው ፊልም ጊዜ 28 ዓመቱ ነበር። በሁለተኛው ደግሞ ገና የ50ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ያየኸው የ70 ዓመት ሽማግሌ በሜካፕና በትወና የተሠራ ነው። ስለዚህ ማመን ቢያቅትህ አይፈረድብህም። እኔም እነዚህን ፊልሞች ለተማሪዎች ሳሳይ ይሄው ጥያቄ ይነሳል።

አጭሩ መልስ ናካዳይ የመድረክ ሰው ነው የሚል ነው። ፊልሙ በጎረፈለት ዘመን እንኳ ዓመቱን ለሁለት እየከፈለ ግማሹን ለካሜራ፣ ግማሹን ለቴአትር ይሰጥ ነበር። እንዲህ መልኩን እንዲቀያይር ያስቻለው ይሄ ነው። ከሚፉኔ፣ ከ«ዮጂምቦ» ዋና ተዋናይ፣ ያነሰ ስም እንዲኖረው ያደረገውም ይሄው ነው ብዬ አምናለሁ። ረጅሙን መልስ ከታች ታገኘዋለህ።

ናካዳይ ታኅሣሥ 13 ቀን 1932 ቶኪዮ ተወለደ። አባቱ የሞተው እሱ ገና ልጅ ሳለ ነው። ቤተሰቡ ድሃ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ 12 ዓመቱ ነበር፣ የቶኪዮን የአየር ድብደባም በዓይኑ አይቷል። በሽምግልናው ደጋግሞ የተናገረው አንድ ነገር አለ። ቦምብ ሲዘንብ አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን ይዞ እየሮጠ ነበር። ድንገት ቀለለችው። ዞር ሲል በእጁ የቀረው ክንዷ ብቻ ነው። በፊልሞቹ ውስጥ ስለ ጦርነት ሲናገር የምትሰማው ምሬት ከየት እንደመጣ ለመረዳት ይሄን ማወቅ ይበቃል። እኔ ይሄን ካወቅሁ በኋላ የጦርነት ፊልሞቹን እንደበፊቱ ማየት አልቻልኩም።

ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት ገንዘብ አልነበረውም። በ1952 «ሃይዩዛ» የሚባለው የቴአትር ቡድን ማሠልጠኛ ገባ። ቡድኑን ይመራ የነበረው ኮሬያ ሴንዳ ነው። በበርሊን የኖረ፣ የጀርመናዊውን ጸሐፌ ተውኔት የብሬሽትን ቴአትር ወደ ጃፓን ያስገባ፣ በአቋሙ የታሠረ ሰው ነው። እዚያ የሚሠሩት ዘመናዊ ቴአትር ነበር፤ ሼክስፒር፣ ቼኾቭ፣ ጎርኪ። ኪሞኖና ሰይፍ ብዙም አልነበረበትም። ይሄን ያዝልኝ፣ ወዲያው እንፈልገዋለን።

«ሰባቱ ሳሙራይ»ን (1954) አይተህ ከሆነ ናካዳይን ሳታውቀው አይተኸዋል። ገበሬዎቹ ከተማ ገብተው ሳሙራይ የሚፈልጉበት ቦታ ላይ ድረስ። መንገድ ዳር ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ አፍጥጠው ያያሉ። ከሚያልፉት አንዱ እሱ ነው። ጥቂት ሰከንድ ነው የሚታየው፤ አንድ ቃል አይናገርም፤ ስሙም አልተጻፈም። ለእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ግን ግማሽ ቀን ፈጅቷል። ሱሪ ለብሶ ያደገ ልጅ በኪሞኖ፣ ወገቡ ላይ ሰይፍ ታጥቆ እንዴት እንደሚራመድ አያውቅም ነበር። ዳይሬክተሩ አኪራ ኩሮሳዋ አካሄዱ አልጥም ብሎት ደጋግሞ መለሰው። ያ ሁሉ ሠራተኛና ተዋናይ አንድ ጀማሪ መራመድ እስኪችል ቆሞ ጠበቀ። ናካዳይ ያን ቀን በኩሮሳዋ ፊልም ሁለተኛ አልሠራም ብሎ ለራሱ ማለ። ከዓመታት በኋላ ኩሮሳዋ ለ«ዮጂምቦ» ሲጠራው መጀመሪያ እምቢ ያለውም በዚህ ነው። ኩሮሳዋ ግን ያን ቀን አልረሳውም ነበር። እንዲያውም የፈለገው አስታውሶት ነው።

እስከዚያው ሌላ ዳይሬክተር አግኝቶት ነበር። ማሳኪ ኮባያሺ ይባላል። ናካዳይን ናካዳይ ያደረገው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ኮባያሺ ራሱ በጦርነቱ ጊዜ ማንቹሪያ ዘምቷል። መኮንን መሆን አልፈልግም ብሎ ተራ ወታደር ሆኖ ጨርሷል። ጦርነቱ ሲያልቅም ምርኮኛ ነበር። በ1957 «ጥቁር ወንዝ» ላይ ናካዳይን የሰፈር ወሮበላ አድርጎ አሠራው። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። ያንኑ ወሮበላ በ«የሰው ልጅ ሁኔታ» ካጂ አድርጎ መደበው።

ካጂ ጦርነትን የሚጠላ ወጣት ነው። ማንቹሪያ ውስጥ ቻይናውያን እስረኞች በግዳጅ የሚሠሩበት ማዕድን ላይ ኃላፊ ይሆናል። ሰው ሆኖ ለመቆየት ሲሞክር ሥርዓቱ ራሱ ይበላዋል። ወታደር ያደርጉታል፣ ይደበድቡታል፣ በመጨረሻም በሶቪየት ጦር እጅ ይወድቃል። ሥራው በሦስት ፊልም ተከፍሎ ከ1959 እስከ 1961 የወጣ ሲሆን፣ ሲደመር ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ምልምል ወታደሮችን በጥፊ የሚያጮሉበት ቦታ አለ። ጥፊው የእውነት ነበር። በረዶውም የእውነት ነው። ናካዳይ በሦስቱ ፊልሞች ውስጥ ሲከሳ፣ ድምፁ ሲሰነጠቅ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ሲገባ ታያለህ። ወደ ሦስተኛው ክፍል ስትደርስ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ያየኸውን ሙሽራ መፈለግ ትጀምራለህ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ዋና ነገር ልግባ። ያኔ የጃፓን ፊልም የጥቂት ትላልቅ ስቱዲዮዎች ነበር። በ1953 አምስቱ ትላልቅ ኩባንያዎች ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ተዋናይና ዳይሬክተር እንዳይወስድ ተስማሙ። ተዋናይ በኮንትራት ለአንድ ቤት ይታሰራል። ቤቱ የሰጠውን ይሠራል፤ ሕዝብ በአንድ መልክ ከወደደው ያንኑ መልክ ዓመት ከዓመት ይደግማል። ሚፉኔን ብትወስድ ቶሆ የሚባለው ስቱዲዮ ልጅ ነበር።

ናካዳይ ለማንም አልፈረመም። የሃይዩዛ አባል ሆኖ ቀረ። ለአንድ ጀማሪ ይሄ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፣ ምክንያቱም ኮንትራት ማለት ቋሚ ደመወዝ ነው። ውጤቱን ግን ተመልከት። ለሾቺኩ ከኮባያሺ ጋር ሠራ። ለዳይኤ ከኮን ኢቺካዋ ጋር ሠራ። ለቶሆ ከኩሮሳዋና ከሚኪዮ ናሩሴ ጋር ሠራ። በናሩሴ «ሴት ደረጃ ስትወጣ» (1960) ጊንዛ በሚባለው የቶኪዮ ሰፈር የቡና ቤት አስተዳዳሪ ነው። ለአለቃው ያለውን ፍቅር ዋጥ አድርጎ ሒሳብ የሚሰበስብ ዝምተኛ ሰው። ሰይፍ የለ፣ ጩኸት የለ። በዓመቱ ደግሞ «ዮጂምቦ» ላይ አንገቱ ላይ ስካርፍ ጠምጥሞ ሽጉጥ ይዞ መጣ። በኮንትራት የታሰረ ተዋናይ ይሄን ማድረግ አይችልም ነበር። ቴአትሩ ግማሽ ዓመቱን ስለሚጠይቀው ነጻ ሆነ፤ ነጻ ስለሆነም ሁሉም ዳይሬክተር ሊጠራው ቻለ።

ትወናውን በቅርብ ማየት ከፈለግህ «ሀራኪሪ»ን (1962) ክፈት። ኮባያሺ ነው የሠራው። ታሪኩ በ1630 ነው። ጌታ የሌለው አንድ ችግረኛ ሳሙራይ የአንድ ትልቅ ቤተ መንግሥት በር ላይ ይመጣል። ግቢያችሁ ውስጥ ሆዴን ቀድጄ በክብር ልሙት ይላል። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ምንጣፍ ላይ ያስቀምጡታል። ዙሪያውን ሰይፍ የታጠቁ ሰዎች ይከቡታል። አንገቱን የሚቀላለት ሰው መምረጥ ይፈቀድለታል፣ ወግ ነው። አንዱን በስም ይጠራል። መልእክተኛ ሄዶ ይመለሳል፤ ሰውዬው ታሟል። ሁለተኛ ይጠራል። እሱም ታሟል። ሦስተኛም እንደዚያው። ከዚህ በላይ አልነግርህም።

ልብ እንድትል የምፈልገው አቀማመጡን ነው። ፊልሙ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ናካዳይ ተቀምጧል። እጁ ጭኑ ላይ ነው። ዓይኑን አያርገበግብም። ድምፁ ከሆዱ ሥር ነው የሚወጣው፣ እንደ ተረት ነጋሪ ቀስ ብሎ። በድምፅ ብቻ ያንን ሁሉ ባለ ሰይፍ አግቶ ይይዛል። የሚጫወተው ልጁን ድሮ ድሮ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ሆኖ ነው፤ ናካዳይ ግን ያኔ 29 ዓመቱ ነበር። ስታየው ዕድሜውን የምታነበው ከፀጉሩ ሳይሆን ከትንፋሹ ነው። ይሄ መድረክ ላይ የሚሠለጠን ችሎታ ነው፤ መጨረሻ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ሳይጮኹ መሰማት። ሜዳ ላይ በሚደረገው ፍልሚያ የተጠቀሙበት ሰይፍ ደግሞ እውነተኛ እንደነበር ናካዳይ ተናግሯል። ዛሬ ማንም አይፈቅደውም። ፊልሙ በ1963 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኘ።

ሚፉኔን አሁን ላምጣው። ቶሺሮ ሚፉኔ ከናካዳይ 12 ዓመት ያህል ይበልጣል። ቬኒስ ላይ ሁለት ጊዜ ምርጥ ተዋናይ ተብሏል። ሆሊውድ ሄዷል። በ1980 «ሾገን» በሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የዓለም ቤት ሁሉ ገብቷል። በዚያ ላይ ትወናው ወዲያው ይያዛል፤ ያካል፣ ትከሻውን ያወዛውዛል፣ ቦታውን ይሞላዋል። ናካዳይ ደግሞ ግማሽ ዓመቱን ቶኪዮ ውስጥ በጃፓንኛ መድረክ ላይ ነበር። በ1964 ሐምሌትን ተጫውቷል። ይሄን ሁሉ ግን ያየው አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። ፊልም ባሕር ይሻገራል፣ የቴአትር ምሽት ግን አይሻገርም። ሌላም ነገር አለ። ከሚፉኔ ጋር በተጋጠመባቸው ፊልሞች ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው እሱ ነው። ተመልካች ደግሞ ያሸነፈውን ነው የሚያስታውሰው።

ለዚህ «ሳንጁሮ»ን (1962) ተመልከት። መጨረሻው ላይ ሁለቱ ፊት ለፊት ይቆማሉ። አይንቀሳቀሱም። ዝምታው ረዝሞ ረዝሞ ልትታገሰው ሲያቅትህ አንድ ምት ብቻ ይሆናል። ናካዳይ ልብሱ ሥር የደም ቱቦ ታስሮለት ነበር። ግፊቱ ከታሰበው በላይ ሆነና ደሙ እንደ ምንጭ ፈነዳ። እሱ ግን ቦታውን አልለቀቀም፣ አልደነገጠም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቀረጸው። ከዚያ ወዲህ ደም የሚረጭበት የሰይፍ ፊልም ሁሉ የዚያች ቅጽበት ባለዕዳ ነው። ሰው የሚያነሳው የሚፉኔን ፍጥነት ነው። እኔ የማየው ግን የቆመውን ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። በ1966 «የጥፋት ሰይፍ» ላይ ሰው መግደል የለመደ ባዶ ሰው ሆነ፤ በዚያው ዓመት «የሌላ ሰው ፊት» ላይ ፊቱ ተቃጥሎ ጭምብል የሚለብስ ሰው። በ1968 ጣሊያን ሄዶ የካውቦይ ፊልም ላይ ክፉውን ተጫውቷል። ያንን ለማወቅ ያህል እንጂ ለማየት አልመክርህም።

ቴሌቪዥንስ? ሰው ይረሳዋል እንጂ ጃፓን ውስጥ ለብዙ ቤተሰብ ናካዳይ የቴሌቪዥን ሰው ነው። የሕዝብ ማሠራጫው ኤንኤችኬ በየዓመቱ፣ እሑድ እሑድ የሚተላለፍ ትልቅ የታሪክ ድራማ አለው። በ1972 የዚያ ድራማ ዋና ተዋናይ እሱ ነበር፣ ታይራ ኖ ኪዮሞሪን ሆኖ። በ1995 ደግሞ ኤንኤችኬ ከቻይና ቴሌቪዥን ጋር የሠራው «የምድር ልጅ» ወጣ። ታሪኩ በጦርነቱ ማብቂያ ቻይና ውስጥ ወድቆ ቀርቶ ቻይናዊ ሆኖ ስላደገ ጃፓናዊ ልጅ ነው። ናካዳይ ወላጅ አባቱ ነው፣ ብረት ፋብሪካ ለመሥራት ቻይና የሚመጣ የኩባንያ ሰው። የገዛ ልጁ አጠገቡ እየሠራ አያውቀውም። ያንን አባት ያየ ሰው፣ ያንን የቦምብ ታሪክ የሚያውቅ ሰው፣ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

«ሀቺኮ»ንም የሠራው እሱ ነው። ጌታው ከሞተ በኋላ ባቡር ጣቢያ እየሄደ የሚጠብቀውን ውሻ ታሪክ ብዙዎቻችን በሪቻርድ ጊር ፊልም ነው ያወቅነው። የጃፓኑ ፊልም ግን በ1987 ቀድሞ የወጣ ሲሆን፣ ፕሮፌሰሩ ናካዳይ ነው።

አሁን ከፊልሞቹ እኩል የማከብረውን ሥራ ልንገርህ። በ1975 ከባለቤቱ ከተዋናይትና ጸሐፊ ያሱኮ ሚያዛኪ ጋር «ሙሜጁኩ» የሚባል የተዋናዮች ማሠልጠኛ ከፈቱ። ክፍያ የለውም። ራሱ ድሃ ሆኖ ስለተማረ ድሃ ልጅ እንዲቀር አልፈለገም። አንድ ጊዜ ቶኪዮ ውስጥ የቺዮዳ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የሆነ ወጣት ናካዳይ የሚጫወትበትን የጎርኪ ቴአትር አይቶ ሥራውን ትቶ አመለከተ። ከብዙ መቶ አመልካቾች ጥቂት ሰው ነው የሚገባው፤ እሱ ገባ። ናካዳይ የመድረክ ስም አወጣለት፦ ኮጂ ያኩሾ። በ2023 «ፐርፌክት ዴይስ» ላይ የመጸዳጃ ቤት ጽዳት ሠራተኛውን ሆኖ ካን ላይ በምርጥ ተዋናይነት የተሸለመው ያ ልጅ ነው። ፊልሙን ካየህ ያንን ዝምታ ከማን እንደተማረው ገብቶሃል ማለት ነው።

ወደ «ራን» እንመለስ፤ ከእሱ በፊት ግን «ካጌሙሻ» (1980) አለ። ዋናው ተዋናይ ሌላ ሰው ነበር፣ ሺንታሮ ካትሱ። ቀረጻው ሲጀመር የራሱን ካሜራ ይዞ መጣ፤ ኩሮሳዋ አልፈቀደም፤ ተጣሉና ወጣ። ናካዳይ በአጭር ጊዜ ተጠርቶ ሁለት ሰው ሆኖ ገባ፣ የጦር አበጋዙንና እሱን የሚመስለውን ሌባ። ፊልሙ ካን ላይ ታላቁን ሽልማት ከአንድ የአሜሪካ ፊልም ጋር ተካፈለ። አንድ ጥሩ ነገር ልጨምርልህ፤ ያ አበጋዝ ታኬዳ ሺንገን ይባላል፣ በ2007 ደግሞ ናካዳይ በኤንኤችኬው ድራማ የሺንገንን አባት ተጫወተ።

በ«ራን» ቤተ መንግሥቱ ሲቃጠል ሽማግሌው በእሳቱ መካከል ወጥቶ ደረጃውን የሚወርድበትን ቦታ አስታውስ። ያ ቤተ መንግሥት ለፊልሙ ተብሎ በፉጂ ተራራ ሥር የተሠራ ነው። እሳቱ የእውነት ነው። አንዴ ከተቃጠለ ሌላ የለም፣ ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቀረጸው። ናካዳይ ደግሞ አእምሮውን የሳተ ሰው ነው፤ እግሩን እያየ መውረድ አይችልም። ዓይኑ ባዶውን እያየ፣ ከኋላው ወላፈኑ እየገረፈው፣ ገደል የመሰለውን ደረጃ በእግሩ እየዳሰሰ ወረደ። ያን ጊዜ በጃፓን ከሁሉ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ፊልም ነበር፤ አንድ እግር ቢስት ያ ሁሉ ይቀር ነበር። በ«ሰባቱ ሳሙራይ» መንገድ ማቋረጥ ያቃተው ልጅ ይሄን የወረደው ለዚያው ዳይሬክተር ነው።

ባለቤቱ በ1996 በካንሰር ሞተች። ማሠልጠኛው ግን አልተዘጋም። ቡድኑ በኖቶ ልሳነ ምድር፣ ናናኦ ከተማ አካባቢ ለዓመታት ሲለማመድ ቆይቶ ነበርና፣ በ1995 የአካባቢው ሰው ቴአትር ቤት ሠራላቸው። የመድረኩ የጀርባ ግድግዳ ይከፈታል፤ ሲከፈት ውጪው ያለው ኮረብታ የትዕይንቱ አካል ይሆናል። በ2015 የጃፓንን የባህል ኒሻን ተቀበለ። ኒሻኑም አላሳረፈውም። በጥር 1 ቀን 2024 ኖቶ በከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። በ2025 ናካዳይ በ92 ዓመቱ እዚያው ቴአትር ቤት መድረክ ላይ ወጣ። የሠራው የብሬሽትን «እናት ኩራዥ» ነው። እኛ ይህን ተውኔት በጸጋዬ ገብረ መድኅን «እናት ዓለም ጠኑ» እናውቀዋለን። መምህሩ ሴንዳ ወጣት ሳለ ያስተማረውን ደራሲ በዕድሜው ማብቂያ፣ ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች ተጫወተላቸው። በዚያው ዓመት ኅዳር 8 ቀን ዐረፈ።

የቱን ልይ ላልከው፣ መጀመሪያ «ሀራኪሪ»ን እይ። ከዚያ «ሳንጁሮ»ን ጨምርበት፣ አጭርና ቀለል ያለ ነው። ሰይፍ ሲሰለችህ «ሴት ደረጃ ስትወጣ» ያሳርፍሃል። «የሰው ልጅ ሁኔታ»ን በአንድ ቀን አትሞክረው፤ ለሦስት ምሽት ከፋፍለው፣ ከተቻለም ከሰው ጋር እየው። በስተመጨረሻ «የሃሩ ጉዞ» (2010) አለ። ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ከልጅ ልጁ ጋር ማደሪያ ፍለጋ ከወንድም ቤት ወደ እህት ቤት ይዞራል። ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔ ግን ከታላላቆቹ ተርታ ነው የማስቀምጠው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ በሌላ ቋንቋ ድምፅ የተለወጠውን ቅጂ አትመልከት። ሰብታይትል ያለውን ፈልግ። የናካዳይ ድምፅ ከሌለበት ፊልሙን ግማሹን ብቻ ነው የምታየው።